የድንጋይ ሽበት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ሰዓቱን ያስረከበችኝ ከሠራተኛ አስተዳደር የመጣች ልጅ ናት፤ ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም። ስለ እኔ ንግግር እንድታደርግ አዘዋት ኖሮ ወረቀቷን ይዛ ጠጋ አለችና፣ «ጋሼ፣ እንዲያው ባጭሩ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ሲሠሩ ነበር?» አለችኝ።

«ድንጋይ ስጠብቅ» አልኳት።

ሳቀች። እኔ ሳልስቅ ስቀር ደነገጠችና ወረቀቷ ላይ «ቅርስ ጥበቃ» ብላ ጻፈች። አልፈርድባትም። እኔም በሷ ዕድሜ እንዲህ ያለ መልስ ብሰማ ሽማግሌው ጃጅቷል ብዬ ነበር የማልፈው።

ሰዓቱን ሳሎን ሰቀልኩት፤ ጋቢውን ባለቤቴ ወረሰችው። እኔን ግን ያን ሰሞን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ጉዳይ ነበር። ተራራ ላይ ሄጄ የማየው አንድ ድንጋይ አለኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በአጠገቡ ሳልፍ ዓይኔን እያዞርኩ የኖርኩበት ድንጋይ ነው። ለምን እንደፈራሁት ለማስረዳት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል።

የተወለድኩት ሚኤሶ ነው። አባቴ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። ኦሮምኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር አፈር ስንፈጭ፣ አማርኛውን ደግሞ ቤት ከእናቴ ተማርኩት። ከእድገት በኅብረት ዘመቻ ስመለስ አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬው ጭሮ፣ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። የእጅ ጽሕፈቴ ያምር ነበር። ቅርስ የሚመዘግብ ሰው ሲፈለግ አለቃዬ ጓድ ተሾመ፣ «ጽሕፈቱ የሚነበብ እሱ ብቻ ነው» ብለው መደቡኝ። እውቀት አልተጠየቀም። ስለ ደመወዙ ባላወራ ይሻላል፤ ጫማ ሲገዛበት ሱሪ ይቀር ነበር።

የመጀመሪያ ሥራዬ አሰቦት ገዳም ሄዶ የብራና መጻሕፍት መመዝገብ ነበር። አምስት ቀን ሙሉ ሳገላብጥ ያዩኝ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ልሰናበታቸው ስጠጋ፣ «እነዚህስ አፍ አላቸው፣ ይነበባሉ፤ እዚያ ማዶ ጨርጨር ላይ ያሉትን አፍ የሌላቸውን ማን ይመዘግብላቸው ይሆን?» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እንዳልገባኝ አይተው በጣታቸው ወደ ተራራው አሳዩኝ። እኔም ያመጣኝ ሹፌር እየጠበቀኝ ስለነበር እጃቸውን ስሜ ወረድኩ።

ጨርጨር ተራሮች ላይ፣ የማሽላው እርሻ ከሚያልቅበት ጀምሮ፣ ክብ ክብ የድንጋይ ጉብታዎች አሉ። አገሬው «ዳጋ ቱሊ» ይላቸዋል፤ የድንጋይ ክምር ማለት ነው። መቃብር ናቸው። የማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ሽማግሌዎቹ «የሐርላ ናቸው፤ ከኛ በፊት የነበሩ ረጃጅም ሰዎች» ይሉና ከዚያ በላይ ስትጠይቃቸው «አላህ ያውቃል» ብለው ይዘጉታል። የተማሩትም መጥተው አይተው፣ «መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ነው» ከማለት አላለፉም። ከሁሉም ትልቁ፣ ቱሊ ብቻ ተብሎ የሚጠራው፣ ከገለምሶ መንገድ ተገንጥሎ የሁለት ሰዓት ዳገት ያስወጣል። በመንግሥት ይጠበቅ ተብሎ አንድ ጥበቃ ተቀጥሮለት ነበር፤ ኦቦ ሙሜ የሚባሉ የዚያው አገር ገበሬ።

መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ሜትሬን ይዤ፣ በነጫማዬ፣ ጉብታው አናት ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ነፋሱ ደስ ሲል! አገሩ በሙሉ እግሬ ሥር ነበር። ቁልቁል ሳይ አንድ ቀጭን ረጅም ሰው፣ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ነጭ ኮፍያ የደፉ፣ ዱላቸውን ቀስረውብኛል።

«አቦ፣ ውረድ!»

«የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ልለካ ነው።»

«እናትህ የተኛችበት ቤት ጣሪያ ላይ ወጥተህ ነው የምትለካው? ውረድ። ከታች ለካ።»

ወረድኩ። ምን አደርጋለሁ! ኦቦ ሙሜ ከመንገዱ ዳር አንዲት ድንጋይ አነሱ፣ አቧራዋን በሽርጣቸው ጠረጉ፣ ጉብታው ጎን ላይ በእርጋታ አስቀመጧት። «አሁን አንተ» አሉኝ። እኔም አንዱን አንስቼ ወርወር አደረግሁት። ሄደው አነሱት፣ መልሰው እጄ ላይ አደረጉት። «አይወረወርም። ይቀመጣል።»

የዚያን ቀን ተቀምጬ ሳይ ነው የገባኝ። በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ አንድ ድንጋይ ያስቀምጣል፤ የሚወስድ ግን የለም። ገበያ የምትወርድ ሴት ሸክሟን ሳታወርድ በጉልበቷ ዝቅ ብላ ታነሳለች። ጫት የጫነ አህያ የሚነዳው አህያውን «ቁም!» ብሎ ካስቆመ በኋላ ያስቀምጣል። እስላሙም ክርስቲያኑም። ለምን እንደሆነ ኦቦ ሙሜን ጠየቅኋቸው።

«አባቴ ያደርግ ነበር። አባቱም ያደርግ ነበር። የመጀመሪያውን ድንጋይ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ ካገኘኸው፣ እሱን ጠይቀው።»

እኔ የመጣሁት አልቆ የተተወ ነገር ልመዘግብ ነበር። ለካስ ሥራው ገና አላለቀም! ማንም የማያውቀው ሰው የጀመረውን መቃብር፣ ማን እንደተቀበረበት የማያውቁ ሰዎች፣ ወደ ገበያ ሲሄዱ እየሠሩት ነው።

ከዚያ በኋላ በየወሩ እመላለስ ነበር። ሪፖርት ለመጻፍ አንድ ቀን ይበቃኛል፤ እኔ ግን ሦስት ቀን አድር ነበር። ኦቦ ሙሜ ጠዋት ጠዋት ከምሥራቅ ጀምረው ጉብታውን ይዞራሉ። ሲጀምሩ «አሰላሙ አለይኩም» ይላሉ። «እስላም ይሁኑ አይሁኑ በምን ያውቃሉ?» ብላቸው፣ «ሰላምታ ሃይማኖት አይጠይቅም» አሉኝ። እዚያ ጫት አይቅሙም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውም አይቀመጡም። ሲዞሩ እጃቸውን በድንጋዮቹ ላይ እያሳለፉ ነው፤ ሰው የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስሰው።

አንድ ጠዋት አንድ ድንጋይ አንስተው አሳዩኝ። «ድንጋይ ጀርባና ሆድ አለው። ጀርባው ሰማይ ያያል፤ ይሸብታል። ሆዱ መሬት ያያል፤ አይሸብትም።» እውነትም ከላይ በኩል ያ ሻካራ፣ አመድማ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ሸፍኖታል። ገልበጥ ሲያደርጉት ከሥሩ ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ አፈር የቀባው ነው። የተነሳበት ቦታ ላይ የድንጋዩ መልክ ታትሞ ጉንዳን ይርመሰመሳል። «ይሄ አልጋው ነው። ወደ አልጋው ካልመለስከው ጎረቤቱም ይናጋል። ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ የተኛ ድንጋይ ካየህ፣ የተነካ ነው። ዝንጀሮም ሊሆን ይችላል፤ ትል ፍለጋ ይገለብጣል። ዝንጀሮ ግን ገልብጦ ይሄዳል። መልሶ ለማስመሰል የሚሞክረው ሰው ነው።»

ይህን ያህል ነው የተማርኩት፤ ሌላ ትምህርት ቤት የለኝም። ግን ሠራ! ባዴሳ አጠገብ መንገድ የሚጠግን አንድ ተቋራጭ ሌላ ዳጋ ቱሊ አፍርሶ ለጠጠር ሊወስድ ሲል ደረስኩ። «ገበሬ ከእርሻው የለቀመው ድንጋይ ነው» የሚል ወረቀት ይዟል። መኪኖቹ ሞተራቸው ሳይጠፋ ይጠብቃሉ። እኔ ተንበርክኬ፣ ኢንጂነሩ ፊት፣ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ አሳየሁት። ገበሬ የጣለው ክምር ሆዱም ጀርባውም የተደበላለቀ ነው። ይህ ግን ሁሉም ሽበቱ ወደ ላይ ነው፤ አንድም የተሳሳተ የለም። ኢንጂነሩ መነጽሩን አውልቆ ራሱ ሁለት ሦስት ገለበጠ። «ይሄንን የት ተማርከው?» አለኝ። «ቱሊ ዩኒቨርሲቲ!» አልኩት። መኪኖቹ ዞረው ሄዱ።

ያ ቀን ነው ያጠፋኝ። ያን ሰሞን አሰበ ተፈሪ ከተማ ውስጥ ስሄድ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር። ከኔ በቀር ጨርጨርን የሚያድን ያለ አልመሰለኝም። ቁጭ አልኩና ለቱሊ የአጥር ዕቅድ ጻፍኩ፤ እሾሃማ ሽቦ፣ የብረት በር፣ ቁልፍ፣ ሰሌዳ። ጓድ ተሾመ ሰሌዳ የሚባል ነገር ነፍሳቸው ነው፤ ሳያነቡ ፈረሙልኝ። ሰሌዳውን በዚያው በሚያምረው ጽሕፈቴ ራሴ በቀይ ቀለም ጻፍኩት፤ «የተጠበቀ ቅርስ ነው። መቅረብ ክልክል ነው።»

ሽቦው ሲዘረጋ ኦቦ ሙሜ ዱላቸውን ተደግፈው አዩ። በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ። «ልጄ፣ ሚስቴ ፋጡማ እንቁላሏን ገለባ ውስጥ ነው የምታኖረው። ማንም አይነካባትም። ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ብታስቀምጠው ግን፣ መንደሩ ሁሉ 'ምን አገኘች?' ይላል።»

«ኦቦ ሙሜ፣ ይሄ መመሪያ ነው» አልኳቸው። መመሪያ! እኔው የጻፍኩት!

አንድ ወር ያህል መንገደኛው ድንጋዩን ከሽቦው ውጪ መሬት ላይ እያስቀመጠ ሄደ። ከዚያ ተወው። ከዚያ ወሬ ተጀመረ። አሰበ ተፈሪ ገበያ፣ ጫት ተራው፣ ፀጉር አስተካካዩ ቤት፣ «መንግሥት ወርቅ አግኝቶ አጠረው» ይባላል። ፀጉሬን የሚቆርጠኝ ሰው ምላጩን አንገቴ ላይ እንዳደረገ፣ «እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ስንት ኪሎ ነው?» አለኝ። ስቄ አለፍኩ።

በዚያው ሰሞን የጥበቃዎች የሦስት ቀን ስብሰባ ከተማ ተዘጋጀ። አዘጋጁ እኔ ነበርኩ። ኦቦ ሙሜ እንዲመጡ መልእክት ስልክባቸው፣ «እኔ ስመጣ ማን ይጠብቃል?» ብለው መለሱብኝ። እኔም ላክሁባቸው፤ «አጥሩ አለ።»

መጡ። ስብሰባው አልቆ በአራተኛው ጠዋት አብረን ወደ ቱሊ ወጣን። የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ኦቦ ሙሜ ቀጥ ብለው ቆሙ። እኔ ገና ምንም አላየሁም።

«ነጭ ነው» አሉ።

ቀና ስል የቱሊ ምሥራቅ ጎን ከላይ እስከ ታች ነጭ ነበር። ያ ሁሉ ድንጋይ ሆዱን ለሰማይ ሰጥቶ ተበትኗል። ሽቦው በሁለት ቦታ ተቆርጧል። በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ሰሌዳዬም እንደቆመ። ኦቦ ሙሜ «ያ አላህ» እያሉ ሲሮጡ ኮፍያቸው ወደቀ፤ ያን ያህል ዓመት ሲሮጡ አይቼ አላውቅም።

የተቆፈረው እስከ ውስጥ ድረስ ነው። ኦቦ ሙሜ ጫማ አስወለቁኝ፤ እሳቸውም አወለቁ። «ቢስሚላህ» ብለው ገቡ፤ ተከተልኳቸው።

እንዴት ብዬ ልናገረው? ውስጡ ክፍል ነው። ግድግዳው ጭቃ የለው፣ ምን የለው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተጠጋ፣ እየጠበበ ወደ ላይ ሄዶ ተገጥሟል። ቢላዋ የሚያስገባ ቀዳዳ የለውም። ቆፋሪዎቹ በከፈቱት በኩል የጠዋት ፀሐይ ገብታ ወለሉ ላይ አርፋለች። ወለሉ ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው አጥፈው፣ ፊት ለፊት፣ ብርድ የገባቸው ባልና ሚስት እንደሚተኙት ተኝተዋል። ረጃጅሞችም አልነበሩም፤ እንደኛው ናቸው። በአንደኛው አንገት ዙሪያ ዶቃ ነበረ፤ ክሩ በስብሶ ቢያልቅም ዶቃዎቹ አብዛኞቹ በተርታቸው ነበሩ። በመካከላቸው ትንሽ ማሰሮ ተቀምጣ ነበር፤ ወርቅ ፈላጊዎቹ ሰብረዋታል። የአንደኛው ደረት ላይ የጫማ ዱካ ነበረ።

አለቀስኩ። አላፍርበትም። እነዚህን ሁለት ሰዎች ከኔ በፊት ያያቸው፣ ማሰሮዋን መካከላቸው ያኖረላቸው፣ የመጨረሻውን ድንጋይ የገጠመላቸው ሰው ነው። እሱም አልቅሶ ይሆናል። ከሱ ቀጥሎ ያየናቸው ሌቦቹና እኛ ነን። ሌቦቹን ደግሞ እኔ ነኝ የጠራኋቸው፤ በቀይ ቀለም፣ በሚያምር ጽሕፈት።

አሁን የማልወደው ቦታ ላይ ደረስኩ።

ሪፖርት ተጠየቅሁ። «ዝርፊያው በተፈጸመበት ጊዜ ጥበቃው በሥፍራው አልነበረም» ብዬ ጻፍኩ። ሐሰት አልጻፍኩም። ጥበቃውን ወደ ከተማ ማን እንደጠራው ግን አልጻፍኩም። ጓድ ተሾመ አነበቡት፤ «በቂ ነው፣ ፈርም» አሉ። ፈረምኩ። በዚያ ዘመን «አሻጥር» የሚባለው ቃል በሰው ላይ ከወደቀ አጥንት ይሰብር ነበር፤ እኔ ላይ እንዳይወድቅ ፈራሁ። ኦቦ ሙሜ ላይ ወደቀ። በማግስቱ መጥተው ወሰዷቸው።

ፖሊስ ጣቢያው ከቢሯችን ቀጥሎ ነበር። ፋጡማ በየቀኑ ከተራራው እየወረደች ምግብ ታደርሳለች፤ በመስኮቴ ሥር ነው የምታልፈው። እኔም ስትመጣ መዝገብ ውስጥ አቀረቅራለሁ። ኦቦ ሙሜ ማን እንደጠራቸው ሲጠየቁ፣ «እሱ ራሱ ይናገራል» ከማለት ሌላ ቃል እንዳልተነፈሱ ከአንድ ፖሊስ ሰማሁ። ይህን እያወቅሁ አደርኩ፣ ዋልኩ፣ ምሳ በላሁ። አሥር ቀን!

በአሥራ አንደኛው ቀን ፋጡማ መስኮቴ ጋ ቆመች። ትረግመኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ደህና አደርክ ብላ ሰላም አለችኝ።

«ሙሜ ልኮኝ ነው። 'ደመና እየመጣ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ተገልጠዋል፤ ዝናብ ሳይመታቸው አልብሳቸው' ብሎሃል።»

ይኸው ነው። ታስረው ስለ ራሳቸው አንድ ቃል የላቸውም። ያዘኑት ብርድ ለሚመታቸው ለሁለቱ ሰዎች ነው። ፋጡማ ሄዳ ሳትጨርስ ወረቀት ስቤ ጻፍኩ፤ «ጥበቃውን ከሥፍራው የጠራሁት እኔ ነኝ። ማን ይጠብቃል ብሎ ጠይቆኝ አጥሩ አለ ያልኩት እኔ ነኝ። አጥሩንም ያሠራሁት እኔ ነኝ።» ጓድ ተሾመ አንብበው ፊታቸው ተለዋወጠ። «አብደሃል? ቅደደው!» አሉ። እምቢ አልኩ፤ በራሴ እጅ ጣቢያ አደረስኩት።

ኦቦ ሙሜ በዚያው ቀን ወጡ። እኔ ገባሁ። ፋጡማ ምግብ ማምጣቷን አልተወችም፤ ቤተሰቤ ሚኤሶ መሆኑን ስለምታውቅ ለኔ ታመጣ ጀመር። ያንን ቂጣ የበላሁት እንዴት እንደሆነ እኔና አምላኬ ነን የምናውቀው። በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ለቀቁኝ። ከደረጃ ዝቅ ብዬ ሚኤሶ መዝገብ ቤት እንድሄድ ተወሰነ፤ ለመሄጃ አሥር ቀን ተሰጠኝ። ስለ መቃብሩም ከበላይ «ባለበት ይዘጋ» የሚል ደብዳቤ መጣ።

ተራራ ወጣሁ። ኦቦ ሙሜ ክፍሉን በቆዳና በሣር አልብሰውት ነበር፤ ጠብታ አልገባም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በዱላቸው ያዙኝ።

«ኦቦ ሙሜ፣ አፉ ይበሉኝ።»

«እኔ ገና እዚያው እያለሁ አፉ ብዬሃለሁ። ቀኑ ሲረዝም ትንሽ ተናደድኩ እንጂ።» ከዚያ ወደ ውስጥ ጠቆሙ። «እነሱን ግን አልጠየቅካቸውም።»

ሽማግሌዎቹ ዓርብ ከሶላት በኋላ ተናገሩ። ከቱሊ የሄደ ነገር እጁ ያለ ሰው መንገድ ዳር አስቀምጦ ይሂድ፤ ማንም አይጠይቀውም። ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ ዳር በጨርቅ የተቋጠሩ ዶቃዎች ነበሩ። ድንጋዮችም ነበሩ፤ ለምን ተወስደው እንደነበር አላህ ይወቀው። ሽቦውን እኔ ቆረጥኩት፤ እጄ ደማ፤ ደስ አለኝ። ሰሌዳዬን ነቅዬ በግንባሩ ደፋሁት።

ሰዉ መጣ። ከየመንደሩ፣ ከከተማም። ከመንገዱ እስከ ጉብታው ተሰልፎ ድንጋዩን ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፍ ጀመር። ያን ያህል ሕዝብ ተሰብስቦ እንዲያ ዝም ሲል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አጠገቤ የቆመው ሰው እጅ ላይ ውኃ ቋጥሮ የደረቀ የአካፋ ቁስል አየሁ። አየኝ። አቀረቀረ። ድንጋዩን አቀበለኝ፤ ተቀበልኩት።

ኦቦ ሙሜ ዶቃዎቹን በጣታቸው እየለቀሙ በቦታቸው መለሱ፣ የማሰሮዋን ስባሪ ሰብስበው መካከላቸው አኖሩ። ከዚያ ግድግዳው፣ ከዚያ ጣሪያው፣ ከዚያ ውጪው። እያንዳንዱን ድንጋይ ሽበቱን እያዩ ያስተኛሉ። ሲመሽ አንዱ ሰፊ ድንጋይ እኔ እጅ ደረሰ። ሽበቱን ሳላይ አስቀመጥኩት። ሆዱን ወደ ላይ። ልገለብጠው ስል ዱላቸውን አጋደሙብኝ።

«ተወው። ይሄ ያንተ ነው። እንዲህ ይቆይ። ሆዱ ሲሸብት፣ እነሱም አፉ ብለውሃል ማለት ነው።»

«ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«እኔ ምን አውቄ! የሸበተውን ነው እንጂ ሲሸብት አላየሁም።»

ሚኤሶ ሁለት ዓመት አቧራ በላሁ። ከዚያ ጓድ ተሾመ ተዛውረው አዲሱ አለቃ ሥራዬን ስላወቁ ወደ ጨርጨር መለሱኝ። ቱሊን እንደ ድሮው በየወሩ ዞርኩት። በምሥራቅ በኩል ያ ድንጋይ ጋ ስደርስ ግን ወደ ማሽላው አያለሁ። ነጭነቱን ማየት አልቻልኩም።

መንደር ምሥረታ መጥቶ ቤት በየሜዳው ሲሠራ አንድ ካድሬ ለመሠረት የሚሆን ድንጋይ ሲፈልግ ቱሊን አየው። ኦቦ ሙሜ አልተቆጡትም። አንድ ድንጋይ እጁ ላይ አደረጉለትና፣ «መጀመሪያ አንዱን አስቀምጥ፤ ከዚያ የፈለግኸውን ውሰድ» አሉት። አስቀመጠ። ትንሽ ቆመ። ከዚያ አንገቱን እያከከ ሄደ፤ ሌላ ቦታ ፈለገ።

ደርግ የወደቀ ሰሞን ደግሞ ቢሮ ተዘግቶ፣ ደመወዝ የሚከፍል፣ የሚያዝ፣ የሚጠይቅ መንግሥት አልነበረም። በዚያ መንገድ የተበተነ ወታደር እየጎረፈ ነው ሲባል እየሮጥኩ ወጣሁ። ፈርሶ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። ቱሊ አድጎ ጠበቀኝ! ጎኖቹ ላይ ያልሸበተ አዲስ ድንጋይ ተጨምሮበታል፤ ሬንጅ የነካው የአስፋልት ጠጠር ሁሉ አለበት። ኦቦ ሙሜ ሥሩ ተቀምጠው ነበር።

«አንዱ ወታደር ጠመንጃውን መሬት አስቀምጦ ነው ያደረገው» አሉኝ። «ማን ነገረው? እኔ አልነገርኩትም።»

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኦቦ ሙሜ ሞቱ። ከቱሊ ማዶ፣ ከአባታቸው አጠገብ ቀበርናቸው። ፋጡማ ድንጋይ አቀበለችኝ፤ ሽበቱን አይቼ አስተኛሁት።

እንግዲህ ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ፣ ከጭሮ ባጃጅ ይዤ እስከ መገንጠያው ሄድኩ፤ ዳገቱን በእግሬ። ድሮ ሁለት ሰዓት የነበረው አራት ፈጀብኝ። ደርሼ «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ፤ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን የተማርኩት እንዲያ ነው። ከምሥራቅ ጀምሬ እጄን በድንጋዮቹ ላይ እያሳለፍኩ ሄድኩ። የተቆፈረው የት እንደነበር ዓይን አይለየውም። እጄ ግን አወቀው። ቆምኩ። ያን ሁሉ ዓመት ያላደረግሁትን አደረግሁ፤ ቁልቁል አየሁት።

አሁንም ነጣ ያለ ነው። ዝናብ አጥቦት አቧራ ጠግቦ ወይቧል፤ ሽበት ግን የለበትም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። መነጽሬን አጥልቄ ደግሜ ሳይ ነው፣ በአንደኛው ጥግ በኩል፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታህል አመድማ አረንጓዴ ነገር ያየሁት። በጣቴ ነካኋት። ሻካራ ናት።

እኔ ድንጋዩን ሳስቀምጥ ፀጉሬ ጥቁር ነበር፤ አሁን አንድ ጥቁር የለኝም። እሱ በዚያ ሁሉ ዘመን ያወጣው ይህችን ነው። ቀና ብዬ የቀሩትን አየሁ። ከእግር እስከ አናት፣ እልፍ ድንጋይ፣ መንገደኛ በቅርብ ከጨመረው በቀር፣ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፤ ሽበት በሽበት ላይ ተደርቧል። ይህች ጥፍር የምታህለው የኔን ዕድሜ ከፈጀች፣ ያ የስንት ሰው ዕድሜ ነው? ልቆጥር ሞከርኩ፤ አቃተኝ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

ከመንገዱ ዳር ያመጣኋትን ድንጋይ ሽበቷን ወደ ላይ አድርጌ አስቀመጥኳት። ከዚያ እጄን በዚያችው ጥግ ላይ አሳርፌ፣ ኦቦ ሙሜ ወደተኙበት ማዶ ዞሬ፣ «ኦቦ ሙሜ፣ እነሱም አፉ ማለት ጀምረዋል!» አልኳቸው።